ደላላ ያጣው ገበያ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የዱቄት ዋጋ ለማጣራት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ፋብሪካ ጎራ ብዬ ነበር። ባለቤቱ ግን ስለ ዋጋ የሚያወሩበት ልብ አልነበራቸውም። የማሸጊያው መኪና ቦርድ ተቃጥሎ ሥራ ቆሟል። ሠራተኛው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቃል፤ መኪናውን የሸጠው የውጭ ኩባንያ ባለሙያ እስኪልክ ይጠበቃል። "አገሩ ሙሉ መሐንዲስ እየተመረቀ ይህችን የሚነካ አንድ ሰው ይጥፋ?" አሉኝ በምሬት።

በዚያው ሰዓት ከጸሐፊዋ ቢሮ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ወጣት ፋይል ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ናት። ከዩኒቨርሲቲዋ የተጻፈላትን የተግባር ልምምድ የትብብር ደብዳቤ ይዛ ስትመላለስ ይህ ሦስተኛ ቀኗ መሆኑን ነገረችኝ። ያደገችው አሶሳ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የምታውቀው ሰው የለም። ጸሐፊዋ "ጋሼ ዛሬ አይመቻቸውም፤ ሌላ ቀን ብቅ በይ" ብላ ሸኘቻት። ባለቤቱ ልጅቷን ሳያዩ፣ ልጅቷም የተቃጠለውን ቦርድ ሳታይ ተለያዩ።

ይህች ተማሪ መኪናውን ታስነሳው ነበር ማለቴ አይደለም። ባለሙያው መጥቶ ሲፈታታው አጠገቡ ቆማ ብታይ ግን በሚቀጥለው ብልሽት ጊዜ ሰውዬው የሚጠሩት ሰው ይኖራቸው ነበር። አቅርቦትና ፍላጎት በአንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሳይገናኙ ሲቀሩ ችግሩ ምን እንደሆነ ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያሻም፤ የመርካቶ ሰው ወዲያው ይነግረናል። ገበያው ደላላ አጥቷል።

በወንፊት ያለፉት

እንደሚታወቀው መንግሥት ከ2001 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ መስክ እንዲመደቡ የሚያደርግ ፖሊሲ ተከትሎ ነበር። ለሴቶችና ታዳጊ ይባሉ ከነበሩት ክልሎች ማለትም ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለሚመጡ ተማሪዎችም ለዓመታት የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረግላቸው ነበር። ይህ በሩን ከፍቷል። ይሁን እንጂ ጥረቱ ሁሉ ያተኮረው መግቢያው ላይ ነበር፤ ስለ መውጫው ያሰበ ጥቂት ነው።

ዛሬ መግቢያውም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከ1 ሺህ በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንግዲህ ቤተ ሙከራ ከሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ወጥታ፣ ውሃ ቀድታና እንጨት ለቅማ እያጠናች፣ ይህንን ወንፊት አልፋ ምህንድስና አራተኛ ዓመት የደረሰች ልጅ ምን ያህል እንደተፈተነች አስቡት። ቡና ብትሆን ኖሮ አንደኛ ደረጃ ተብላ ለውጭ ገበያ ትቀርብ ነበር። እኛ ግን ደጃፍ ላይ አስቀምጠን "ሌላ ቀን ብቅ በይ" እንላታለን።

አጎት ያለውና የሌለው

ነገሩ የሚበላሸው እንዴት ነው? የምህንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ለአንድ መንፈቀ ዓመት ያህል ወደ ድርጅት ወጥቶ በሥራ ላይ መለማመድ አለበት። ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ይሰጣል፤ ቦታ መፈለጉ የተማሪው ጣጣ ይሆናል። አጎቱ ሥራ አስኪያጅ የሆነ ልጅ በአንድ ስልክ ጥሩ ፋብሪካ ይገባል። አጎት የሌላት ደግሞ ደብዳቤዋን ይዛ ትዞራለች፤ በመጨረሻ ማህተም ብቻ የሚመታላት ቢሮ ታገኝና መኪና ሳትነካ የልምምድ ሪፖርቷን ጽፋ ታስረክባለች።

በዚህ ነገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ስመረቅ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት አጎቴ ደውሎልኝ ነው። ከእኔ የተሻለ ውጤት የነበረውና ከጋምቤላ የመጣ የክፍል ጓደኛዬ ግን ከዓመት በላይ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ከረመ። ማስታወቂያው ሁሉ የሚጠይቀው "የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" ነበር። እኔ ልምዱን ያገኘሁት በስልክ ነው፤ እሱ ከየት ያምጣው?

አንባቢ "ዘመድ መጥቀም የአገሩ ልማድ ነው" ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን በንግድ ዓይን እንየው። እህል ስንገዛ የአጎታችን ልጅ ያመጣው ስለሆነ ብቻ ነቀዝ የበላውን አንገዛም፤ ጆንያውን በስተን፣ ዘግነንና አሽትተን ነው። ሰው ስንቀጥር ግን ጆንያውን ሳንከፍት እንገዛለን። ኪሳራው የልጅቷ ብቻ ሳይሆን የኛም ነው።

አንድ በር ምን ያደርጋል?

በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ ከወዲሁ አለን። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ በሚባል ቦታ፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው የተወለዱት። ትምህርት ቤት ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ይጓዙ ነበር። አዳሪ ሆነው ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከዚያም ዓለማያ ኮሌጅ ገቡ። ወሳኙ ነገር የመጣው በ1973 እ.ኤ.አ ነው። ጆን አክስቴል የተባሉ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ የማሽላ ዝርያ ሊያሰባስቡ ኢትዮጵያ መጡ፤ አስተማሪያቸው ወጣቱን ገቢሳን አስተዋወቋቸው፤ አብረው በየአገሩ እየዞሩ ዝርያ ለቀሙ። ፈረንጁ የልጁን ሥራ ካዩ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ፐርዱ እንዲመጣ ጋበዙት። በ2009 እ.ኤ.አ ፕሮፌሰር ገቢሳ ድርቅንና አቀንጭራን ለሚቋቋም ማሽላ ምርምራቸው የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ልብ በሉ። ሽልማቱን ያመጣው ጭንቅላታቸው ነው፤ ጭንቅላታቸው እንዲታይ ያደረገው ግን አብሮ መሥራት ነው። አስተማሪው ደላላ ሆኑ፤ ኮሚሽን ግን አልጠየቁም።

ከፍኖተ ሰላም የተነሡት ዶክተር ሰገነት ቀለሙም አሉ። ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። በዕፅዋት በሽታ ምርምር ስማቸው በዓለም ታውቆ በ2014 እ.ኤ.አ የሎሬያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አግኝተዋል፤ ናይሮቢ የሚገኘውን ኢሲፔ የተባለ ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከልም ለዓመታት መርተዋል። ጥያቄው እንደነሱ ያለው ስንት ሰው ከጸሐፊ ደጃፍ ተመልሶ ቀርቷል የሚለው ነው።

ሒሳቡን እንሥራ

ይህ የምጽዋት ጉዳይ አይደለም። ለአንድ ተለማማጅ የታክሲና የምሳ ብለን በወር 4 ሺህ ብር ብንከፍል የአራት ወሩ 16 ሺህ ብር ይመጣል። በሌላ በኩል የውጭ ባለሙያ አንድ ጊዜ ለማስመጣት ትኬቱ፣ ሆቴሉና አበሉ 2 ሺህ ዶላር ይፈጃል እንበል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በ100 ብር እንኳ ብናሰላው 200 ሺህ ብር ነው። በዚህ ገንዘብ 12 ተማሪ አራት ወር ሙሉ ማሠልጠን ይቻላል። ከ12ቱ አንዲት ጎበዝ ብትገኝ ወጪው ተመልሷል።

ባለሀብቶች የሚያነሱትን ስጋት አውቃለሁ። "ተማሪ ዕቃ ይሰብራል" ይላሉ። አንድ ነባር ሠራተኛ በኃላፊነት ከተሰጠው አይሰብርም፤ የሚሰብረው ማንም ሳያየው እንዲሁ ሲለቀቅ ነው። "አሠልጥነን ይሄድብናል" ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ዓይኑ ያረፈው ሊሄድ ይችላል፤ አሶሳ ላይ ፋብሪካ ያለው ሰው የአሶሳን ልጅ ቢያሠለጥን ግን ወደ ቤቷ የተመለሰች ሠራተኛ ያገኛል። "ሴት ለፋብሪካ አትመችም" የሚሉም አሉ። ለሴቶች የተለየ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ የሌለበት ፋብሪካ ሄጄ አይቻለሁ። ያ የማይመቸው ቤቱ ነው እንጂ ሴቷ አይደለችም። የአንድ ክፍል ግድግዳ ዋጋ ደግሞ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች በየመንፈቀ ዓመቱ የትኛው ድርጅት ስንት ተለማማጅ እንደሚቀበል ዝርዝር ያውጡ። ዝርዝሩ በአደባባይ ይለጠፍ፤ ቦታው በዘመድ ሳይሆን በውጤትና በዕጣ ይደልደል። ደላላ የለም ካልን ደላላው ዝርዝሩ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ከቦታው የተወሰነው በከተማው ዘመድና ማደሪያ ለሌላቸው ይያዝ፤ የታክሲና የምሳ ገንዘብም ይታሰብላቸው። የቤት ኪራይ የማትችል ልጅ ቦታ ብትሰጣትም አትደርስበትም።

ሦስተኛ፣ በቅጥር ማስታወቂያ ላይ የተግባር ልምምድ ጊዜው እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠር። "የሁለት ዓመት ልምድ" የሚለው መስመር ለብዙ ጎበዝ ልጅ የተዘጋ በር ነው።

አራተኛው ለባለ አክሲዮኖች ነው። የአክሲዮን ገበያው በ2017 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ ስለ ትርፍ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው በዝቷል፤ ጥሩ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ግን አንዳችሁ እጃችሁን አውጡና "ዘንድሮ ስንት ተለማማጅ ተቀበልን? ከነሱ ስንቱ ሴት ነበሩ? ስንቱንስ ቀጠርን?" ብላችሁ የዳይሬክተሮች ቦርዱን ጠይቁ። መልስ የሌለው ኩባንያ ከአሥር ዓመት በኋላ መኪናውን ማን እንደሚያንቀሳቅሰው አላሰበም ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ወደ ፋብሪካው ደውዬ ነበር። ባለሙያው መጥቶ ቦርዱን ቀይሮ ሄዷል፤ መኪናው ይሠራል። "እንዴት እንደቀየረው ያየ ሰው አለ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ባለቤቱ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ "ማን ይየው ብለህ ነው?" አሉኝ። ስለዚያች ተማሪ ነገርኳቸው። ጸሐፊዋን ጠርተው ደብዳቤው የት እንደገባ ሲጠይቁ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ደብዳቤው ተገኘ፤ የልጅቷ ስልክ ቁጥርም ግርጌው ላይ ተጽፏል። እስከዛሬ የቀረው መደወል ብቻ ነበር።

የእናንተስ መሳቢያ ውስጥ ስንት ደብዳቤ ይኖር ይሆን?