ቦሎ የማያየው ስክሪን

ባለፈው ነሐሴ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስንወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ዝናብ ያዘን። መኪናዋ የእህቴ ልጅ የገዛት፣ ለቻይና ገበያ ተሠርታ ወደኛ የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና ናት። የታችኛውን ሙቀት ይዘን ወደ ላይኛው ብርድ ስንገባ የፊት መስታወቱን ከውስጥ እንፋሎት ሸፈነው። በድሮ መኪና ቢሆን እጅን ወደ ክሩስኮቱ ሰደድ አድርጎ ማዞሪያዋን መጠምዘዝ ብቻ ነበር፤ ዓይን ከመንገዱ አይነሣም። በዚህችኛዋ ግን የንፋሱ ማዘዣ ያለው ስክሪኑ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ ከታች ሦስተኛዋን ሥዕል ይጫኑልኝ» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ዓይኑን ከመታጠፊያው ሳይነቅል። ተጫንኩ። አንድ ገጽ ተከፈተ፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ቻይንኛ። ማራገቢያ የሚመስለውን ሥዕል ስነካው ስክሪኑ ስታክ አደረገ። «አቦ፣ አሁን ነው እንዴ!» አለና ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ያዘ። መስኮት ከፍተን መስታወቱን በእጅጌያችን ስንጠርግ፣ ከኋላችን የመጣ ኤፍኤስአር ክላክሱን እየነፋ አልፎን ሄደ። ስክሪኑ ራሱን አጥፍቶ መልሶ እስኪበራ ድረስ እዚያው ቆምን።

ያቺ መኪና ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብላ ዓመታዊ ምርመራዋን አልፋ ነበር። ፍሬኗ፣ መብራቷ፣ ፍሬቻዋ፣ ጎማዋ፣ የዝናብ መጥረጊያዋ ታይቷል፤ ቦሎዋም እንፋሎት በሸፈነው በዚያው መስታወት ላይ ተለጥፏል። ስክሪኗን ግን የነካው አልነበረም። ሻጩም ሲያስረክባት ያደረገው ነገር ቢኖር ዘፈን ከፍቶ ድምፁን ማሰማት ነው።

እኔ የምጣላው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። «ስክሪን ጌጥ ነው፤ ከበራና ዘፈን ካጫወተ ይሠራል» የሚለው አስተሳሰብ ከገዢው እስከ ሻጩ፣ ከስክሪን ገጣሚው እስከ መርማሪው ሁላችንንም ይዞናል። ስህተት ነው፤ ሰው የሚገድል ስህተት ነው።

አስተሳሰቡ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሐረር ያደገ ሰው መኪና ሲባል ቀድሞ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ፔጆ 404 ነው። የፈረንሳዩ ፋብሪካ 404ን ማምረት የጀመረው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሐረር ግን ታክሲ የሆኑት 404ዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ሰው ያመላልሱ ነበር። ቴፕ ያለው ሾፌር ያጫውታል፤ የሌለው ያንጎራጉራል። ቴፑ ቢሞት መኪናው ይሄዳል። ቀጥለው የጃፓን መኪኖች መጡ። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ሜጋኸርዝ ይጀምርና ለረጅም ጊዜ የሚያበቃው 90 ላይ ነበር፤ የኛ ጣቢያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1። ድግግሞሹን የምትቀይር ትንሽ ዕቃ ካልተገጠመለት ያ ሬዲዮ ሲንሿሿ ይውላል። ስክሪኑም የካርታ ዲስክ ስጡኝ እያለ በጃፓንኛ ሲለምን ዓመታት ያልፋሉ። ይሁንና በዚህ የተጎዳ ሰው የለም፤ ባለቤቱ ስልኩን ይሰካና መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ ጊዜ ስክሪኑን ጌጥ ማለት ትክክል ነበር።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ነጂ ተብለው የተሠሩ ናቸው። በነዚህ መኪኖች ውስጥ ስክሪኑ ከቴፕነት ወጥቷል። የንፋሱና የሙቀቱ ማዘዣ፣ የኋላ ካሜራው፣ የቻርጁ መረጃ፣ በአንዳንዶቹም የጎን መስታወት ማስተካከያው ሳይቀር እዚያ ገብቷል። ድሮ በየቦታቸው የነበሩት ቁልፎች ከክሩስኮቱ ተነቅለው አንድ መስታወት ሥር ተሰብስበዋል። እኛ ግን ዛሬም «ቴፑ» እንለዋለን፤ ስሙ ብቻ ሳይሆን ንቀቱም አብሮ ተሻገረ።

መኪኖቹ ጨርሶ አልተፈተሹም እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ክፍል በፋብሪካ መጀመሪያ የሚሞከረው ያለ መኪና ነው። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ኮምፒውተር መኪና መስሎ የፍጥነቱን፣ የበሩን፣ የማርሹን ምልክት ይልክለታል። ኃይሉ ሆን ተብሎ ይዋዥቅበታል፤ እንደ ምድጃም እንደ ፍሪጅም በሚሆን ሣጥን ውስጥ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፤ ሺህ ጊዜ ጠፍቶ ይበራል፤ የተለያየ ስልክ በብሉቱዝ ይገናኘዋል፤ የሮቦት ጣት ቀን ከሌት ሲነካካው ይውላል፣ ያድራል። ከዚያ በኋላ ነው መንገድ የሚወጣው። ከባድ ሥራ ነው፤ የሚሠሩትን አከብራለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ፈተና ለማን ተባለ? በቻይና ኔትወርክ፣ በቻይና ካርታ፣ በቻይንኛ ጽሑፍ ለሚነዳ ሰው ነው የተባለው። የደንገጎ ነጂ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

አለመኖራችን በዓይን ይታያል። የእናቴን ስም ስልኬ ላይ የጻፍኩት በፊደል ነው። ስትደውልልኝ በእህቴ ልጅ ስክሪን ላይ የሚወጣው ስሟ ሳይሆን ተደርድረው የቆሙ ባዶ ሣጥኖች ናቸው። ማን እንደደወለ ለማወቅ ነጂው ስልኩን ከኪሱ ማውጣት አለበት፤ ብሉቱዙ መኪናው ውስጥ የገባው ግን በትክክል ይህን ለማስቀረት ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ስክሪኑ ላይ ለማሳየት የሚያስፈልገው አንድ የፎንት ፋይል ነው። የቀረው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ አማርኛም ሆነ ጌይ ሲናን በፊደል የሚጽፍ ሰው ስልኩን ይዞ ፈተናው ላይ ስላልቀረበ ነው።

«ይህ የስም ነገር፣ ይህ የፋይል ነገር ትንሽ ነው» ለሚለኝ የሲያትልን ታሪክ ልንገረው። በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በዚያች የአሜሪካ ከተማ ከ2014 እስከ 2017 የተሠሩ ማዝዳዎችን የሚነዱ ሰዎች ሬዲዮናቸው 94.9 ላይ ተጣብቆ ቀረባቸው። ጣቢያ አይቀየርም፤ ስክሪኑ እየጠፋ ይበራል፣ እየበራ ይጠፋል። ሲጣራ፣ ጣቢያው ከድምፁ ጋር የሚልካት ሥዕል የፋይል ስሟ መጨረሻ ላይ ዓይነቷን የሚናገረው ቅጥያ ተረስቷል። ጄፒጂ የምትለዋ ቃል በመቅረቷ ብቻ ክፍሉ ግራ ገብቶት ራሱን ደጋግሞ ሲያስነሣ ተበላሸ፤ መተኪያው 1,500 ዶላር ገደማ ነበር። አሁን ደግሞ የኛን ሰው ፍላሽ አስቡት። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ መንዙማው በአንድ ላይ ተጭኖ፣ የፋይሉ ስም በፊደልም በዓረብኛም በላቲንም ተደባልቆ፣ ግማሹ ተቆርጦ የወረደ ነው። እዚህ ከተማ ስክሪን ሲሸጥ ይህን ፍላሽ ሰክቶ የሚሞክር ሻጭ አላየሁም።

ዛሬ የሠራ ነገር ከአምስት ዓመት በኋላም መሥራቱን የሚያውቅ ደግሞ ማን ነው? በ2021 እ.ኤ.አ. ቴስላ 135,000 የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ውስጥ ያለች ሚሞሪ ናት። በተጻፈባት ቁጥር ታልቃለች፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ያለማቋረጥ ይጽፍባት ነበር። ሚሞሪዋ ስትሞላና ስትሞት የኋላ ካሜራው ይጠፋል፤ የመስታወቱን እንፋሎት የማጥፊያው ማዘዣም አብሮ ይሄዳል። ደንገጎ ላይ ያጣነውም ይህንኑ ማዘዣ ነው። እነዚያ መኪኖች በተሸጡበት ቀን ስክሪናቸው አምሮ ይበራ ነበር።

የሚገርመኝ፣ ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚፈተነው «ይሠራል ወይ» ተብሎ እንጂ «ሰው እየነዳ ሊያዘው ይችላል ወይ» ተብሎ አለመሆኑ ነው። በከተሞቻችን የምናያቸው የቮልስዋገን አይዲ 4 የመጀመሪያ ሞዴሎች የሙቀት ማስተካከያ መስመራቸው ማታ መብራት አልነበረውም፤ ኩባንያው ራሱ ቆይቶ ነው ያረመው። በ2022 እ.ኤ.አ. ቪ ቢሌጋሬ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት ነጂዎችን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እያስነዳ አንዳንድ ቀላል ነገሮችን እንዲያዝዙ አደረገ፤ ሙቀት መጨመር፣ ሬዲዮ ጣቢያ መቀየር፣ የመሳሰለውን። ቁልፍ ባለው በ2005ቱ ቮልቮ ሥራው በ10 ሴኮንድ አለቀ፤ መኪናው እስከዚያ የሄደው 306 ሜትር ነው። ስክሪን ባለው ኤምጂ ማርቬል አር ግን 44.9 ሴኮንድ ፈጀ፤ 1,372 ሜትር። ጀጎልን ከግንብ እስከ ግንብ ከማቋረጥ ይበልጣል። አውሮፓ ውስጥ መኪኖችን ለደህንነታቸው ኮከብ የሚሰጠው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሬቻን፣ ክላክስን፣ የዝናብ መጥረጊያንና የመሳሰሉትን በእውነተኛ ቁልፍ ያላደረገ መኪና ሙሉ ነጥብ እንደማያገኝ ወስኗል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው።

አንድ ሌላ ማመካኛ አለ፤ «ችግር ካለ አፕዴት ይደረጋል» የሚለው። ይህን የሚሉት ፋብሪካዎቹ ናቸው፤ ሻጮቻችንም ቃሉን እንዳለ ይደግሙታል። አፕዴቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ግን ቻይና ውስጥ በሚሠራው ሲም በኩል ነው፤ ያ ሲም እዚህ ድምፅ የለውም። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩት ልጆች ባለሙያዎች ናቸው፤ ያለነሱ ብዙ ሰው ክሩስኮቱን ማንበብ ባልቻለ ነበር። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ከተነካካ በኋላ ካሜራው፣ ማስጠንቀቂያው፣ ንፋሱ እንደቀድሞው መሥራቱን ማን ያረጋግጣል? ማንም። «በኋላ ይስተካከላል» ማለት እኛ ዘንድ «እንዲሁ ይኖራል» ማለት ነው።

ከውጭ ገዝተን የምናስገጥመው ስክሪን ደግሞ የባሰ ነው። የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ቪዲዮ እንዳያሳይ የምትከለክል አንዲት ሽቦ አለችው። ገጣሚው ያቺን ሽቦ ከመኪናው ቦዲ ጋር ያስራታል፤ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ መኪናው ሁልጊዜ የቆመ ይመስለዋል። በሚኒባስ ስሄድ ሾፌሩ አንድ ዓይኑን ክሊፕ ላይ፣ አንድ ዓይኑን መንገድ ላይ አድርጎ ሲነዳ አይቻለሁ። ስልክ ይዞ ቢገኝ ትራፊክ ይቀጣዋል። ከስልክ በብዙ የሚሰፋው ስክሪን ግን ያልፋል።

«ፍሬን የሌለው መኪና በሞላበት አገር ስለ ስክሪን ታወራለህ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አዎ፣ አወራለሁ። ፍሬኑ ይፈተሽ፤ ጎማው ይፈተሽ። መስታወቱ በእንፋሎት የታወረበት ነጂ ግን ፍሬኑን ለምን እንደሚይዝ በምን ያያል? ፈረስ መጋላ ላይ መኪና ወደ ኋላ የሚሄደው በባጃጅ፣ በአህያ፣ በችርቻሮ ሻጭና በልጆች መሀል ነው። የኋላ ካሜራ ያለው ነጂ አንገቱን መጠምዘዝ ይተዋል፤ ስክሪኑን ያምናል። ያመነው ምስል ሦስት ሴኮንድ ዘግይቶ ቢመጣ ወይም ደርቆ ቢቀር፣ ካሜራ ከሌለው መኪና የከፋ ነው። አሜሪካ በሕጓ ኋላ ማርሽ ከገባ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ምስሉ መውጣት አለበት ያለችው ለዚህ ነው።

መርማሪዎቻችንን ላቦራቶሪ ሥሩ አልላቸውም። በምርመራው ወረፋ ላይ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መኪናው ጠፍቶ ይነሣ፤ ወዲያው ኋላ ማርሽ ይግባና ሴኮንዱ ይቆጠር። ነጂው ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሣ ንፋሱን ወደ መስታወት እንዲልክ ይታዘዝ። ማስጠንቀቂያው የሚወጣው ነጂው በሚያነበው ቋንቋ መሆኑ ይታይ። ያቺ የእጅ ፍሬን ሽቦ የት እንደታሰረች ይታይ። ከነዚህ አንዱን የወደቀ መኪና ፍሬቻው እንዳልበራ መኪና ይቆጠር፤ ቦሎ አይሰጠው።

አንባቢዬ፣ መኪና ሊገዙ ከሆነ ሻጩ የከፈተልዎትን ዘፈን ያስጠፉት። የነጂው ወንበር ላይ ማታ ይቀመጡ። የራስዎን ስልክ ያገናኙና ስማቸውን በፊደል ከጻፉላቸው ሰዎች አንዱን ያስደውሉ፤ የቤትዎን ፍላሽ ይሰኩ፤ ዘፈኑ እየሄደ፣ ስልኩ እየጠራ ኋላ ማርሽ ያስገቡ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው የመስታወቱን ንፋስ ይፈልጉት። እጅዎ ካላገኘው ገንዘቡን አይክፈሉ።