አረብኛው ከቪዛው ይቅደም

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መኪና ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት ይፋግን ያገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህች ከተማ አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር የሚዘዋወሩባት፣ የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ የሚወርድ ነጋዴ ራሱ አረብኛ ባይችል ከጓዶቹ መካከል የሚችል አያጣም ነበር። ዛሬ ከዚህ አካባቢ ወደ አረብ ሀገር የምትሄድ ወጣት ግን ጓድ የላትም። አንድ ቤት ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ አማርኛ የሚሰማ የለም።

የመጀመሪያውን ጠዋት ብቻ ማሰብ ይበቃል። ማዳሟ ፈጥና ትናገራለች፣ በእጇ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ትጠቁማለች። መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ጽሑፋቸው በሙሉ አረብኛ ነው። በረኪና ከአሲዳማ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ማስጠንቀቂያው ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ እሷ ግን ማንበብ አትችልም። ትእዛዙ ሳይገባት ስትቆም ደግሞ እምቢ እንዳለች ይቆጠርባታል። ቁጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለውጭ ሀገር ሥራ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ጠይቆ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ሥልጠና መታሰቡ መልካም ነው። ነገር ግን የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠቃቀም ሥራው ላይ ሆኖም ይለመዳል። «ሆዴን አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ማለት ግን ከሀገር ሳይወጡ መያዝ ያለበት ነገር ነው። በደላላ እጅ በጅቡቲ ወይም በቦሳሶ በኩል ወደ የመን የምትሻገረዋ ደግሞ ሥልጠና የሚባለውን በር እንኳ አታየውም።

ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ በ1622 እ.ኤ.አ. የሞተው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ ነበር፤ አረብኛውንም እዚያ ተማረ። ኋላ ግእዝና አማርኛም አወቀ። የተማረ ሰው ነበር፣ ጊዜም ነበረው። የሁለት ዓመት ኮንትራት የፈረመች ልጅ እንዲህ ያለ ጊዜ ከየት ታመጣለች?

ስልኩ ያስተረጉምላታል የሚል አይጠፋም። የጉግል መተርጎሚያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ይሠራል፤ ጥቅሙ አይካድም። ሆኖም ፓስፖርትና ስልክ የሚቀሙ ቀጣሪዎች ባሉበት ሀገር ስልክ ላይ ተማምኖ መሄድ አደገኛ ነው።

መምህራኑ ሩቅ አይደሉም። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም የተመለሱት ብዙ ናቸው። የቤቱን አረብኛ ጓዳ ውስጥ ሆነው በመከራ የተማሩ ሴቶች በየከተማው አሉ፤ ብዙዎቹም ሥራ ፈላጊ ናቸው። የወረዳ አስተዳደሮች ለእነዚህ ሴቶች አበል ከፍለው፣ ትምህርት ቤቶች ከሰዓት በኋላ ክፍል ቢሰጧቸው፣ ይፋግን በመሰለች ከተማ ኮርስ ለመክፈት ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ተማሪዋም በኤጀንሲ ትሂድ በደላላ ሳይጠየቅ ትመዝገብ። ጅማሬው የሕመም ስሞች፣ የማጽጃ ጠርሙስ ላይ የሚጻፉ ማስጠንቀቂያዎች፣ ወሩ ሲሞላ ደመወዝ የሚጠየቅበት አነጋገርና በቃል የሚያዝ የኤምባሲ ስልክ ቁጥር ይሁን፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።