ተከራይም ቃል አለው



በአሜሪካ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል መንግሥት በሚያግዘው ቤት በኪራይ የሚኖሩት ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህ በአንዱ ቤት፣ ኪራይ ሊጨመር መታሰቡን የሚናገር ወረቀት ደረሰ እንበል። አባት አንብቦ «እንግዲህ የመጣውን መክፈል ነው» ይልና ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ ያኖረዋል፤ እናትም ከልጆች ጫማና ከቀለቡ የትኛውን እንደምትቀንስ ታሰላለች። ሁለቱም ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር፣ ወረቀቱ የያዘው ገና ጥያቄ እንጂ ውሳኔ አለመሆኑን ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ባለቤቱ ኪራይ ለመጨመር የፌዴራሉን የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስቴር ፈቃድ በሚሻባቸው ቤቶች፣ ተከራዮች አስቀድመው እንዲያውቁና አሳባቸውን እንዲሰጡ ያዛል። ሕጉን ተከትሎ በወጣው ደንብ መሠረት፣ ባለቤቱ ጥያቄውን ከማቅረቡ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ለተከራዮቹ ማስታወቅ አለበት። በእነዚሁ ቀናት ውስጥ ተከራዩ የጭማሪውን ምክንያት፣ ያለፈውን ዓመት የገቢና የወጪ ሒሳብ፣ የመጪውንም ዓመት የወጪ ግምት ሊመረምር ይችላል፤ አስተያየቱንም በጽሑፍ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ቅጂውን ለሚኒስቴሩ ለመላክም መብት አለው። ሚኒስቴሩም ሁሉን ተመልክቶ ጥያቄውን ይፈቅዳል፣ መጠኑን ይለውጣል፣ ወይም ይከለክላል። ቢፈቀድ እንኳ ጭማሪው የሚጀምረው ውሳኔው ለተከራዩ ከተነገረ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ነው።

እንግዲህ ምን ይጻፍ? «ኑሮ ከብዶናል» ማለት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሚዛን የሚደፋው ከሒሳቡ ጋር የሚገናኝ ቃል ነው። ለጥገና ብዙ ገንዘብ ወጣ ተብሎ ተጽፎ፣ ጣሪያው ግን ዓመቱን ሙሉ የሚያፈስ ከሆነ፣ ቀኑንና የቤቱን ቊጥር ጠቅሶ፣ ፎቶግራፍ አያይዞ ማስረዳት ይጠቅማል። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው ቢኖር፣ የተከራዮች ተወካይ በጽሑፉ እንዲያግዘው ደንቡ ይፈቅዳል። ተከራዮችም አስተዳዳሪው ሳይገኝ ተሰብስበው ሊመክሩ ይችላሉ።

የመንግሥት የቤቶች አስተዳደር ራሱ ባለቤት በሆነባቸው ቤቶች ግን አካሄዱ ሌላ ነው። በዚያ ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ በሕግ የሚቀነሰው ተቀንሶ ከሚቀረው የወር ገቢ 30 በመቶ ስለ ሆነ፣ ጭማሪ የሚመጣው ገቢ እንደ ገና ሲታሰብ ነው። ስሌቱ የተሳሳተ የመሰለው ተከራይ አቤቱታ አቅርቦ ጉዳዩ እንዲሰማለት መጠየቅ ይችላል።

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ ነበር። እርግጥ፣ የተናገረ ሁሉ ጭማሪውን ያስቀራል ማለት አይደለም፤ ወጪው እውነተኛ ከሆነ ሊጸድቅ ይችላል። ነገር ግን የሚፈርደው ሰው በየቤቱ ገብቶ ጣሪያውን አያይም፤ የሚያየው የተጻፈለትን ነው። ባለቤቱ ብቻ ከጻፈ የባለቤቱን ብቻ ያያል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሳችሁ ከማኖራችሁ በፊት የደረሰበትን ቀን ጻፉበት፤ የጎረቤታችሁንም በር አንኳኩ። በዝምታ ያለፈ 30 ቀን ተመልሶ አይገኝምና።