አንቺ ሂጂ፣ ልጁን ተዪው

ሰሞኑን ይጁቤ ላይ በተጠራ አንድ ስብሰባ፣ ከከተማ የመጡ አንድ የተከበሩ ተናጋሪ «ሕፃኑን አቅም ላለው ቤተሰብ በአደራ እንስጠው፤ እሷም ሕይወቷን እንደ አዲስ ትጀምር» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«እሷ» የተባለችው ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ዕድሜዋ 16 ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ፣ ስንቅ እየተላከላት ትማር የነበረች ልጅ ናት። አባቷ በሩን ዘግቶባታል። ጨቅላውን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች፤ የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል። ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር ስለ ሕፃናት መብት የሚያብራሩት እኒያው ሰው «እባካችሁ ልጁን አውጡልኝ» ብለው ተቆጡ። ወጣ። ማን ይዞት እንደወጣ ግን ልብ አላሉም።

የአደራ ቤተሰብን ክርክር ሁላችንም ስለምናውቀው አልደግመውም። እኔ የምጣላው ከቆጠራው ጋር ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። አገራችን የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም ሕፃን የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለን ማንኛውንም ሰው ነው። እንግዲያው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አሳዳጊ ያጡ ሁለት ሕፃናት ነበሩ። ፕሮጀክተሩ ያሳየን አንድ ነው። ሁለተኛዋ ጡት ስላወጣች ከመዝገብ ተሰረዘች።

«እንደ አዲስ ትጀምር» ማለትስ ምን ማለት ነው? የት ሄዳ? መንገዱን የይጁቤ ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደላላ። ወተቷ ሳይደርቅ የሰው ቤት ተቀጥራ የሰው ልጅ ታዝላለች፤ የእሷን ልጅ ደግሞ ሌላ ሰው ያዝልላታል። ይህን ነው አዲስ ሕይወት ያሏት።

ተናጋሪው ንግግራቸውን ለማሞቅ የክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ስም ጠሩ። ስማቸው ይጠራ፣ ይገባቸዋል። ግን እኒያ ሴት በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ወሎ በወረዱ ጊዜ ያነሧት ሕፃን በረሃብ የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ የተገኘች ናት። እናቷ ሞታ ነበር! የይጁቤዋ እናት በሕይወት አለች፤ ከተናጋሪው ጀርባ በኩል በረንዳ ላይ ቆማ ልጇን እሹሩሩ ትላለች። በቁሟ ካልቀበሯት በስተቀር ምሳሌው አይሠራም።

ይህ ሁሉ ደግሞ የሚባለው ጎጃም ውስጥ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። እዚህ አገር የበኩር ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ትገባለች። ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይሞቃል፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል ይወጣል። ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራሷ ብቻዋን አትተውም። ልጁን አስቀምጠሽ ውጪ የሚላት አንድም ሰው የለም። ለዚህች ልጅ የጎደለው ይኸው የእናት ቤት ነው፤ ሌላ እናት ቤት ከነልጇ ማስገባት ምን ይከብዳል? ጎልማሳ ሰው ሳይቀር ማር የተቀባ ጣት ጠብቶ የትልቅ ሰው «የጡት ልጅ» ይሆን በነበረበት አገር፣ የ16 ዓመቷ ልጅ ለልጅነት አረጀች?

እንግሊዝ አገር እናትንና ሕፃንን አንድ ላይ በቤቱ የሚቀበል አሳዳጊ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ሳምንት ያህል ነው፤ አሳዳጊዋም እናቲቱን እየተከታተለች ማስታወሻ ትይዝባታለች። ማስታወሻው ይቅርብን፤ የእኛ ጎረቤት ያለ ወረቀትም ይከታተላል። ለነገሩ እንግሊዝ ድረስ ምን አስኬደኝ፣ ማረሚያ ቤታችን አለ አይደል! ሰው ገድላ የተፈረደባት ሴት እንኳ የምታጠባውን ልጅ ይዛ ትገባለች። ነፍሰ ገዳይዋ ያላጣችውን ይህች ልጅ ምን በድላ ነው የምታጣው?

ከሁሉ የገረመኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዝምታ ነው። እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም እንዳትሰጡ እያለች ቤት ለቤት የምትዞር ሴት ስለ ጡጦና ስለ ቆርቆሮ ወተት ሲወራ አንገቷን ደፍታ ሰማች። አልፈርድባትም፤ አለቆቿ ከፊት ተቀምጠዋል።

እንዴት ይደረግ ለምትሉኝ ዝርዝሩን ለባለሙያ እተዋለሁ። ልጆቿን ድራ ቤቷ ጭር ያለባት ባልቴት ግን ይጁቤ ውስጥ አትጠፋም። ለቆርቆሮ ወተት የታሰበው ገንዘብ ጤፍና ሽሮ ይግዛ፤ ወተቱን ልጅቷ ራሷ ታመጣዋለች። ትምህርት ቤት ስትሄድ ባልቴቷ ሕፃኑን ትይዛለች። አለቀ።

ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «እንዲህ ከተያዘችማ ሌሎቹም ይለምዱታል» አሉኝ። «አባቴ፣ ያስረገዛትስ?» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ወደ መድረኩ ዞሩ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። ቃለ ጉባኤውን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሕፃኑ አለ፣ አደራ ተቀባዩ ቤተሰብ አለ፣ የተሰብሳቢው የውሎ አበል ሳይቀር አለ። ሰውዬው የለም፤ ከተማው ውስጥ ግን አለ፣ ሁሉም ያውቀዋል።