ሽማግሌው ራሱ የበደለ ሲሆን

ባለፈው ቅዳሜ አዲሰን፣ ቤልት ላይን መንገድ ላይ ሁለት የሞርሞን ሰባኪዎች አስቆሙኝ። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረታቸው ላይ «ኤልደር» የሚል ባጅ። ሃያ ዓመት ያልሞላቸው «ሽማግሌዎች»! ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ሽማግሌ ፀጉሩ የሸበተ፣ ጋቢ ለብሶ የተጣላ የሚያስታርቅ ነው። ቤት ገብቼ ስለ ቀደምቶቻቸው ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ።

ኦርሰን ሃይድ ከመጀመሪያዎቹ የሞርሞን ሐዋርያት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1838 ሚዙሪ ውስጥ በመሪው በጆሴፍ ስሚዝ ላይ የቀረበ የክስ ቃል ደግፎ ፈረመ። ስሚዝ በሳምንቱ ተይዞ የብርዱን ወራት በእስር አሳለፈ። ሃይድ በ1839 ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርም ተባለ።

በ1840 ወደ ኢየሩሳሌም ለስብከት ሲጓዝ፣ ኦሃዮ ዴይተን ላይ ዊሊያም ፌልፕስን አገኘ። ፌልፕስ ችሎት ቆሞ በስሚዝ ላይ የመሰከረ የቀድሞ ወዳጅ ነው። ሃይድና የመንገድ ጓደኛው ጆን ፔጅ ለስሚዝ እንዲጽፍ ገፋፉት፤ በደብዳቤው ላይም የራሳቸውን የምልጃ ቃል ጨመሩ። ፌልፕስ በደሉን ሳይሸፋፍን ጻፈ። ስሚዝም በጁላይ መልስ ሲሰጥ ምን ያህል እንደጎዳው ሳይደብቅ ነገረው፤ ከዚያም ና አለው።

ሃይማኖታቸውን አልከተልም፤ ዕርቃቸው ግን አስቀናኝ። እኛ «ይለፍ፣ ተዉት» ማለት ይቀናናል። በዳይ ጥፋቱን አይጠራም፣ ተበዳይም ቁስሉን አያሳይም። ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ቂሙ ግን አብሮን ይቀመጣል። ሽማግሌም ስንፈልግ ንጹሕ ሰው እንፈልጋለን። ፌልፕስን ለደብዳቤ ያበቃው ግን ያንኑ መንገድ አስቀድሞ የሄደ በዳይ ነው።

ይህን የምጽፈው ለራሴም ስለሆነ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የፌዝ ቃል ጻፍኩ። አንድ ወንድማችን ያኔ መቀሌ ያሉ እናቱ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም ነበር። ስልክ ተቋርጧል። ከግሩፑ ወጣ፣ እኔም ዝም አልኩ። ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ነበር። ወንድሜ፣ ይቅርታ። ልትወቅሰኝም መብትህ ነው፤ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ሃይድ ከፈረመ ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1841፣ ኢየሩሳሌም ደብረ ዘይት ላይ ቆሞ ጸለየ። እናንተም በዚያ ሰሞን የጻፋችሁትን ታስታውሱታላችሁ። ስልኩን አንሱና ደውሉ።