ማቀዝቀዣውን ማን ይክፈተው?

ከድሬዳዋ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሽንሌ ከተማ የቤት ማቀዝቀዣ እንደ ቅንጦት ዕቃ ሊቆጠር አይገባም። የቀን ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ እንግዳ ባልሆነበት በዚህ ቆላ፣ የስኳር ሕመምተኛው ገና ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ወተት ነጋዴዋ ሳይሸጥላት የቀረውን የግመል ወተት ለነገ ለማሳደር፣ ባለሱቁም ቀዝቃዛ ውኃ ለመሸጥ ይህንኑ ዕቃ ይሻሉ። ማቀዝቀዣው የቆመ ዕለት የሚበላሸው ነገር ከራሱ ከማቀዝቀዣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሲቆም የሚሆነው ነገር ግን በአመዛኙ የታወቀ ነው። ጎረቤት «ጋዙ አልቆ ይሆናል» ይላል፤ ዕቃው በመኪና ተጭኖ ወደ ድሬዳዋ ይወሰዳል፤ ባለቤቱም የተጠየቀውን ከፍሎ ይመለሳል፤ ወይም ዕቃው በቆርቆሮ ዋጋ ይሸጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለቤቱ ራሱ ሊመረምራቸውና ሊያስተካክላቸው የሚችላቸው ብልሽቶች እንዳሉ ማሳየት፣ ይህን ዕውቀት ለሕዝብ ማድረስም የሳይንስ ፋኩልቲዎች ኃላፊነት መሆኑን ማስገንዘብ ነው።

ጋዝ አያልቅም

ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያጓጉዝ መሣሪያ ነው። በቱቦዎቹ ውስጥ የታሸገው ፈሳሽ በበረዶ ቤቱ ዙሪያ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ወደሚታየው ጥቁር ፍርግርግ፣ ማለትም ወደ ኮንደንሰሩ ይገፋዋል። ጋዙ እዚያ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር አስረክቦ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፤ በቀጭን ቱቦ አልፎም ጉዞውን ይደግማል።

ዑደቱ ዝግ ነው። ጋዙ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። መጠኑ ከቀነሰ ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ተበስቷል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚሞላ ሰው ችግሩን ለጥቂት ጊዜ አስተላለፈው እንጂ አልጠገነውም። ይህን አንድ ሐቅ የሚያውቅ ባለቤት «ጋዝ ይሞላ» ሲባል «የወጣው በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ካቻቢቴ ሳይነሣ የሚደረግ የመጀመሪያው ጥገና ነው።

አቧራና ሙቀት

ሁለተኛው ጥገና ብሩሽ ብቻ ይፈልጋል። በነፋሻማና አቧራማ አገር ኮንደንሰሩ በጥቂት ወራት ውስጥ አቧራ ይለብሳል፤ ይህም ሙቀቱ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ውጤቱን ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 ካሳተመው ሥራ በመነጨው ሕግ ማስላት ይቻላል። በረዶ ቤቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ ኮንደንሰሩ ደግሞ 35 ዲግሪ ላይ ቢሆኑ ሙቀቱ የሚወጣው ዳገት 55 ዲግሪ ነው። አቧራው ኮንደንሰሩን ወደ 55 ዲግሪ ካሞቀው ዳገቱ 75 ይሆናል። የሚጓጓዘው ሙቀት ሳይለወጥ፣ እንከን የለሽ በሆነ ማሽን እንኳ የሚያስፈልገው ሥራ 36 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጭማሪው በቆጣሪው ላይ ይነበባል፤ የኮምፕሬሰሩም ዕድሜ ያጥራል።

ስለሆነም ስፒናው ከሶኬቱ ተነቅሎ ኮንደንሰሩ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ ማቀዝቀዣውም ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ቀጥሎ የበሩ ጎማ ይፈተሽ። አንድ ወረቀት በበሩና በአካሉ መካከል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል። ጎማውን በሳሙናና በሞቀ ውኃ ማጠብ አንዳንድ ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃም ጎማው ብቻውን ይለወጣል። የበረዶ ክምርን በቢላዋ መፈንቀል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከሥሩ ያለው ስስ አሉሚኒየም ከተበሳ ጋዙ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

ቮልቴጅ ሲወርድ

ማቀዝቀዣው በየጥቂት ደቂቃው «ቀጭ» እያለ ሳይነሣ ቢቀር ብዙዎች ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል ብለው ይደመድማሉ። ከዚያ በፊት ግን የስታቢላይዘሩን መርፌ ማየት ይገባል። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ተብሎ ቢታወቅም ወደ 160 የሚወርድበት ጊዜ ይኖራል። የሞተሩ የማስነሻ ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሚለዋወጥ በ160 ቮልት የሚቀረው 53 በመቶው ብቻ ነው። ሞተሩ መነሣት ሲያቅተው ብዙ ኮረንት ይስባል፤ መከላከያውም ሞተሩ እንዳይቃጠል ያጠፋዋል። የሚሰማው ድምፅ የዚህ መከላከያ ድምፅ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ሕመሙ ያለው ከማቀዝቀዣው ውጭ ነው።

መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ስላልተስተካከለ ሞተሩ ከባድ ጭነት ይጠብቀዋል። ስፒናውን ነቅሎ አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ምንም ወጪ የለውም።

እጅ የማይገባበት

«ሕዝቡ ኤሌክትሪክ እንዲነካካ ትመክራለህን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ወሰኑን በግልጽ ማስተማር ይመስለኛል። ቱቦ መቁረጥ፣ መበየድና ጋዝ መሙላት የባለሙያ ሥራ ነው። በብዙ አዳዲስ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው አይሶቡቴን እንደ ማብሰያ ጋዝ ሁሉ ተቀጣጣይ ነው። በአሮጌዎቹ ውስጥ የነበረው አር 12 በበኩሉ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ በታዳጊ አገሮችም ጭምር በ2010 እንዲያበቃ ተደርጓል። ካፓሲተርም ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ኮረንት ይዞ ሊቆይ ይችላል። አካሉ ሲነካ የሚነዝር ማቀዝቀዣ ከነበረም ሳይውል ሳያድር ተነቅሎ ባለሙያ ይጠራ። ሰው የሚጎዳው ወሰኑን ሳያውቅ ሲገባ ነው፤ «አትንካ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ደግሞ ወሰኑን አያስተምርም።

ሌላው ተቃውሞ የጠጋኞችን እንጀራ ይዘጋል የሚለው ነው። በእኔ እምነት አዋቂ ደንበኛ የሚጎዳው ያልሠራውን የሚያስከፍለውን ብቻ ነው። ቀዳዳ ፈልጎ የሚደፍነው ጠጋኝ ሥራው የሚከበርለት የሥራውን ምንነት በሚያውቅ ደንበኛ ዘንድ ነው።

ቤቷን በግመል ለምትጭን

የራስን ዕቃ በራስ መጠገን ለሽንሌ አካባቢ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። የሶማሌ አርብቶ አደር ሴት አቃል የተሰኘውን ቤቷን ራሷ ትሠራለች፤ ምንጣፉን ራሷ ትሸምናለች፤ ሲዘዋወሩ አፍርሳ በግመል ጭና በአዲሱ ሰፈር መልሳ ትተክላለች። የወተት ዕቃዋንም በጢስ አጥና ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ታደርጋለች። ቤቷን በሙሉ ፈትታ መግጠም ለምታውቅ ሴት፣ የብሩሽና የወረቀት ምርመራ ከዐቅምሽ በላይ ነው ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

ሐዲዱም ምስክር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሽንሌ በኩል የሚያልፈው የቀድሞው የባቡር መሥመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ባቡሮቹን ሲያኖር የኖረው የድሬዳዋ ወርክሾፕ ነው። በዚያ የተማሩ እጆች የከተማይቱን የጥገና ባህል አሳድገዋል።

ይሁንና በአገራችን የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። በደገኛው ዘንድ ጠይቡ፣ በሶማሌው ዘንድ ብረት ቀጥቃጩ ቱማል በሙያቸው ተገልለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ያ ንቀት መልኩን ለውጦ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥም የሚታይ ይመስለኛል፤ የቴርሞዳይናሚክስ ፈተና በከፍተኛ ውጤት ያለፈ ተማሪ የቤቱን ማቀዝቀዣ ጀርባ አይቶ አያውቅም። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር ግን የቫክዩም ፓምፕ ሲበላሽ ፈትቶ የሚያጸዳው ተመራማሪው ራሱ ነበር፤ ይህም እንደ ዝቅተኛ ሥራ አይታይም ነበር።

የፋኩልቲው ድርሻ

በሌላው ዓለም ጉዳዩ ወደ ሕግ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአምስተርዳም ሰዎች የተበላሸ ዕቃቸውን ይዘው መጥተው ከሚያውቅ ሰው ጋር አብረው የሚጠግኑበት ስብሰባ ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። የአውሮፓ ኅብረትም አምራቾች ለማቀዝቀዣ፣ ለልብስና ለሳህን ማጠቢያ ማሽኖች መለዋወጫ ለዓመታት እንዲያቀርቡ ደንግጓል፤ በ2024 ደግሞ የመጠገን መብትን የሚመለከት መመሪያ አጽድቋል። እኛ ዘንድ ያገለገሉ ዕቃዎች በብዛት ስለሚገዙ ጥያቄው ይበልጥ የእኛ ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ለሚገኙ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በጠቅላላ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ ተማሪውም ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ በእሱ ላይ ይለካ። ሁለተኛ፣ በየሴሚስተሩ አንድ ቅዳሜ በሩ ለከተማው ነዋሪ ይከፈት፤ መምህሩ፣ ተማሪውና የገበያው ጠጋኝ በአንድ ጠረጴዛ ይሥሩ። ሦስተኛ፣ ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ምርመራና ወሰኑ በአንድ ገጽ ተጽፎ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይሠራጭ።

ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ገጹን የምታነብ አንዲት እናት የልጇን ኢንሱሊን ከሙቀት ካዳነችበት፣ ፋኩልቲው ለተቋቋመበት ዓላማ ሠርቷል ለማለት ይቻላል።