የማሽከርከር አሰልጣኝነት፦ ሰዓቱ የሚመች ሙያ፣ ኃላፊነቱ የከበደ

በከተሞች የተሽከርካሪ ቁጥር እየጨመረ በመጣ መጠን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚሰለጥኑ ዜጎችም እየበረከቱ መጥተዋል። ከሠልጣኞቹ መካከል ቀኑን በሥራ ገበታቸው ላይ የሚያሳልፉ ሠራተኞች በመኖራቸው፣ የተግባር ልምምዱ በማለዳ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላና በሳምንቱ መጨረሻ ጭምር ሊሰጥ ይችላል። ይህም አሰልጣኝነትን ከሌላ ሥራ ጋር ሊጣመር የሚችል ሙያ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ የሰዓቱ ምቹነት የኃላፊነቱን ክብደት ሊጋርድ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው። ጀማሪ አሽከርካሪ ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠትን ልማዱ የሚያደርገው በአመዛኙ አጠገቡ በተቀመጠው አሰልጣኝ አማካይነት ነው።

በኢትዮጵያ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አሰጣጥ በ2000 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 600፣ በኋላም በ2010 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1074 የሕግ ማዕቀፍ ተበጅቶለታል። የሕጉ ተፈጻሚነት ግን በአሰልጣኙ ብቃት ላይ የተመሠረተ ነው።

ለዓመታት ያለአደጋ ያሽከረከረ ሁሉ ጥሩ አሰልጣኝ ይሆናል ማለት አይደለም። ልምድ ያለው አሽከርካሪ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ፍሬን የሚያቀናጀው ሳያስበው ሲሆን፣ አሰልጣኙ በአንጻሩ ይህንኑ ደረጃ በደረጃ ለይቶ ማስረዳት፣ የሠልጣኙን ስህተት አስቀድሞ መገመትና ሳያስደነግጥ ማረም ይጠበቅበታል። በመሆኑም ሥልጠናው ከማሽከርከር ክህሎትና ከትራፊክ ሕግ ባሻገር የማስተማር ሥነ ዘዴን ማካተት ይኖርበታል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑም ሌላ ፈተና ደቅኗል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ፍሪሲዮን የሌለው፣ ድምፁ ዝቅተኛና ፍጥነት ለመጨመር ፈጣን በመሆኑ ነባር አሰልጣኞችም ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል።

ክፍያ በሠልጣኝ ብዛት ብቻ ሲታሰብ አሰልጣኙ ከጥራት ይልቅ ፍጥነትን እንዲያስቀድም ሊገፋው ይችላል። ስለሆነም የሚመለከታቸው አካላት ቁጥጥራቸውን በተቋማት ተሽከርካሪና ሰነድ ላይ ብቻ ሳይወስኑ፣ የትርፍ ሰዓት አሰልጣኞችን ጨምሮ የእያንዳንዱን አሰልጣኝ ብቃት በየጊዜው ሊመዝኑ ይገባል። አሰልጣኙ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓታት ቢሆንም፣ ያሰለጠነው አሽከርካሪ ግን ለዓመታት ከሕዝብ ጋር መንገድ ይጋራልና።